አራቱ ቃላትና የገበያው ጣሪያ

ጅቡቲ ውስጥ ካርቲየ ሰባት ቢስ የሚባለው ሰፈር ገብቶ «የጋሽ ተሰማ ቤት የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ሁለተኛ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ሰው እጁን ይዞ በሬ ላይ ያደርሰዋል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ነው ብትሉኝም አልቀየምም። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ የተቀመጥኩበት የትምህርት ቤት ወንበር የለም። ፈረንሳይኛ ያስተማሩኝ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ማስታወቂያዎች ናቸው። ሶማልኛን ከገበያ፣ ዓረብኛን ከየመን ዓሣ ጠባሾች ለቃቀምኩ። የማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ግን ያስተማረኝ ሰው አለ። እሱም ቢሆን ያስተማረኝ ነዝንዤው ነዝንዤው ነው፤ ስለዚህ ከምስጋናው ግማሹ የእኔ ነው። ዛሬ የኢትዮጵያውያን እድር የዓመቱን ሒሳብ የሚዘጋው እኔ አይቼው ፊርማዬን ካኖርኩበት በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት በረንዳዬ ላይ ዳቦ በሻይ እየነከርኩ ሳለ ከገበያው በኩል የቆርቆሮ ጩኸት ሰማሁ። የዛገ ብሎን ከብረት ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ጥርስ ያፋጫል። ሻዬን ትቼ ተነሣሁ። ልጄ «አባዬ፣ ምን አስቸኮለህ? ገበያው አይሄድ» አለችኝ። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ስደርስ ሁለት ሰዎች ጣሪያው ላይ ወጥተው ቆርቆሮውን አንድ በአንድ እየነቀሉ ወደ ታች ይጥላሉ። ፍየሎች የወደቀውን እያሸተቱ ይተዋሉ። ቢጫ ቆብ ያደረገች ወጣት መሐንዲስ ወረቀት ይዛ ቆማለች።

«አዴር፣ ከሥር ይራቁ» አለችኝ በሶማልኛ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «ይህ ቆርቆሮ አርጅቷል፤ ሰው ላይ ይወድቃል።»

«ማርጀቱን አውቃለሁ። ያሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አናጢ ነበሩ?»

«የሒሳብ ሰው ነበርኩ።»

ልጅቷ ሳቀች። ሒሳብ ጣሪያ እንደሚያለብስ ማንም አልነገራትም ማለት ነው። እንግዲህ ልንገራት።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከድሬዳዋ በባቡር ስመጣ መንገዱን ሁሉ በር ላይ ቆሜ ነው የመጣሁት፤ መቀመጥ አልችልም ነበር። እናቴ «ይህ ልጅ መርፌ ላይ ነው የተወለደው» ትል ነበር። ጅቡቲ እንደ ገባሁ ሽንኩርት ተሸከምኩ። ቀጥሎ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ባሉት ቪላዎች ውስጥ ለሚሠሩ ሴቶቻችን ደብዳቤ ጻፍኩ። እጅ ጽሑፌ ስላማረ የእድሩ ጸሐፊ አደረጉኝ። እዚያ ላይ ሳለሁ የሰፈሩ ማዘጋጃ ጽሕፈት ቤት ከገበያ ሴቶች ጋር በየቋንቋቸው የሚነጋገር ሰው ፈለገ። ግማሾቹ ነጋዴዎች ከእኛ አገር የመጡ ነበሩ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድንች፣ ሎሚ ይሸጣሉ። በቀን ክፍያ ቀጠሩኝ።

የሒሳብ ክፍሉ ሹም ሙሴ ሮብሌ ይባላል፤ ሙሴ በፈረንሳይኛው አቶ ማለት ነው። ረጅም፣ ደረቅ፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ የማይፈታ ሰው ነበር። ልጅነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ ጥቂት አማርኛ ያውቃል፤ የሚጠቀምበት ግን እኔን ለመቆጣት ብቻ ነው። ከራሱ በላይ የሚዞረው ማራገቢያ አንድ ክንፉ የተሰበረ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ጠቅ ጠቅ ይላል። ከማራገቢያው ሥር ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ፣ ማኅተም፣ ቀይ እርሳስ።

የእኔ ሥራ የክፍያ ደረሰኞችን ጉርድ፣ ከጥራዙ ላይ የሚቀረውን ቁራጭ፣ በቁጥር ማሰለፍ ነበር። ሰብሳቢዎቹ ከገበያ የቦታ ክፍያ ሰብስበው ይመጣሉ፤ እኔ ጉርዱን አሰልፌ ከገንዘቡ ጋር አስተያያለሁ። በቃ። ነገም ጉርድ፣ ከነገ ወዲያም ጉርድ። እኔ ደግሞ በጀት የሚባለውን ትልቁን ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ከተማ በምን ይተዳደራል? መብራቱን ማን ይከፍላል? ጥያቄው ሲበዛብኝ እግሬ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጣል።

«ተሰማ፣ እግርህን አሳርፈው» ይለኛል። «ጠረጴዛው የመንግሥት ነው።»

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ኸምሲን የሚሉት ነፋስ ተነሣ። ከበረሃው በኩል የሚመጣ፣ አሸዋና እሳት የተቀላቀለበት ነፋስ ነው፤ አፍህን ከከፈትክ ምላስህ ይደርቃል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የገበያውን ጣሪያ ግማሽ ነቅሎ ሄደ። የተነቀለው ደግሞ የእኛ ሴቶች የሚቀመጡበት ወገን ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ካርቶን በራሳቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ላይ ዋሉ። ሎሚው እንደ ጠጠር ደረቀ። ሴቶቹም የቦታ ክፍያ አንከፍልም አሉ።

«የምን ቦታ?» አለችኝ እትዬ ወርቅነሽ። በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ከገበያው ሴቶች ሁሉ በዕድሜ ከፍ ያለች፣ አፏም የማይቻል። «ፀሐዩን ነው የምታከራዩን? ፀሐይማ ድሬዳዋም በነፃ ነበረን።»

እኔ ያን ጊዜ ገንዘብ የሚያውቀው ጭንቅላቴ የእድር ጭንቅላት ነበር። በእድር ለድንኳን የተዋጣ ለድንኳን ነው፤ ለሬሳ ማጓጓዣ የተዋጣም ለሬሳ ማጓጓዣ ነው። እያንዳንዱ ፍራንክ የሚሄድበትን ስሙን ይዞ ይገባል። ስለዚህ እንጨት ሳጥን ላይ ወጥቼ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ «ውዝፋችሁን ክፈሉ፤ የዚህ ገበያ ገንዘብ የዚህን ገበያ ጣሪያ ይሠራል» ብዬ ተናገርኩ። ጥሩ ተናጋሪ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ሴቶቹ ከመቀነታቸው እየፈቱ ከፈሉ። የተወዘፈውን ሁሉ ባንድ ሳምንት ሰበሰብን።

የገንዘቡን ከረጢት ሙሴ ሮብሌ ጠረጴዛ ላይ ሳኖር ሹመት ጠብቄ ነበር።

«እንዴት አስከፈልካቸው?» አለኝ።

ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ። ተነሥቶ ጥግ ላይ ወደ ቆመው የውሃ በርሜል ሄደ።

«ና» አለ። «ይህን በርሜል ማን ሞላው?»

«ቦቴው።»

«ትናንትስ? ከትናንት ወዲያስ?»

«ሌላ ቦቴ ይሆናል።»

ኩባያ ነክሮ አወጣ። «ይህ የየትኛው ቦቴ ውሃ ነው?»

ጎንበስ ብዬ ኩባያው ውስጥ አየሁ።

«የማዘጋጃ ቤት ገንዘብ እንደዚህ ነው። የዓሣ ተራም፣ የቄራም፣ የበርበሬ ተራም ክፍያ እዚህ ይገባል። ከገባ በኋላ ስም የለውም። ምክር ቤቱ ለምን እንደሚወጣ በበጀት ይወስናል፤ በተወሰነው ልክ ይወጣል። የመብራት ክፍያ የሌለው ሰፈር መብራት የሚያገኘው በዚህ ነው። አንተ ግን ገንዘቡ ላይ ስም ጽፈህ አመጣህልኝ። በማን ሥልጣን ነው ቃል የገባኸው?»

ይህን ብዙ ሰው ስህተት ይለዋል። እኔ የመጀመሪያው ትምህርቴ ነው የምለው። ከእድር ቤት የወጣ ሰው ብቻ የሚሠራው ነገር ነው፤ ደግሞም ከእድር ቤት የወጣ ሰው ብቻ ነው ኋላ የሚያስተካክለው።

ሐምሌ አለፈ፤ ጣሪያ የለም። ነሐሴ አለፈ። በገበያው ሳልፍ ሴቶቹ መንገድ ይለቁልኛል።

«ዞር በሉ፣ ከንቲባው መጡ» ትላለች አንዷ።

«ከንቲባው ጥላ ይዘውልን መጡ?» ትላለች ሌላዋ።

እትዬ ወርቅነሽ አትስቅም። እርጥብ ፎጣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ተሰማ፣ እኔ የከፈልኩት ለፈረንጅ ወረቀት አይደለም፤ ለአፍህ ነው» አለችኝ። ምሳዬን መብላት አቃተኝ። የመናዊው ቤት የተሰነጠቀ ዓሣና ያን ሰፊ ቂጣ አቅርበውልኝ ዓሣው ሳይነካ ቀዘቀዘ። በማታው ባሕር ዳር ወዳለው ራስ ዲካ ሰፈር ሄጄ የባሕሩን ግንብ ከዳር እዳር እመላለስበት ጀመር። ዓሣ አጥማጆቹ ቅርጫት የጠፋብኝ መስሏቸው «ምን ጣልክ?» ይሉኛል።

አንድ ጠዋት ሙሴ ሮብሌን በር ላይ ጠበቅሁት።

«ገንዘቡ ስም ከሌለው፣ ጣሪያው በምን ይሠራል?»

«በጀቱ ውስጥ ለገበያ ጥገና የተመደበ አለ» አለኝ ቁልፉን እየፈለገ። «በቂ ነው። ዘንድሮ የጠየቀ የለም እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ መቼ ጠየቅኸኝ? አንተ ሴቶቹን ነው ያነጋገርካቸው።»

በዚያች ቀን አራቱን ቃላት አስተማረኝ። መያዝ፣ ማረጋገጥ፣ ማዘዝ፣ መክፈል። መጀመሪያ ከበጀቱ ላይ ለሥራው የሚሆነው ይያዛል። ሥራው ከተሠራ በኋላ በትክክል መሠራቱ ይረጋገጣል። ከዚያ አስተዳዳሪው ይከፈል ብሎ ያዛል። መጨረሻ ሒሳብ ሹሙ ይከፍላል። አዛዡ ገንዘብ አይነካም፤ ገንዘብ ያዡ አያዝም። ይህን ሁሉ ከፈረንጆቹ ዓመት መዝጊያ በፊት ማድረስ ያስፈልጋል። ካልደረሰ የተያዘው ይሰረዛል፤ የሚቀጥለው በጀት እስኪጸድቅ ደግሞ ሌላ ኸምሲን ይመጣል።

ጥያቄውን እኔው ጻፍኩት፤ ሙሴ ሮብሌ በቀይ እርሳስ አረመው፤ እንደገና ጻፍኩት። ጥቅምት ላይ ተፈረመ። ተያዘ። አንደኛው ቃል ተፈጸመ ማለት ነው፤ ከደስታዬ ብዛት ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለልኩ ወረድኩ።

ደስታዬ እስከ ሣልህ ደጃፍ ድረስ ብቻ ዘለቀ። ሣልህ ከአባቱ የወረሰው ብረት መበየጃ ያለው የየመን ተወላጅ ነው፤ ሥራው ተሰጥቶታል።

«ቀብድ የታለ?» አለኝ።

«ቀብድ የለም። መንግሥት የሚከፍለው ለተሠራ ሥራ ነው።»

«እኔ ደግሞ ቆርቆሮ የሚሸጥልኝ ሰው በቃል አይሸጥልኝም። መንግሥት ይከፍላል፣ አልካድኩም። እስከዚያ ግን ልጆቼ የሚበሉት ያንተን ፊርማ ነው?»

ሙሴ ሮብሌ ጋ ሮጥኩ፤ ሕጉ ሕግ ነው አለኝ። ገበያ ተመልሼ ለእትዬ ወርቅነሽ እንደ ሆነው ሁሉ ነገርኳት። ምንም አልደበቅሁም፤ በርሜሉንም ጭምር ነገርኳት።

የገበያው ሴቶች እቁብ ነበራቸው። በዚያ ወር ዕጣው የእትዬ ወርቅነሽ ነው። ዙሩ ሲጀመር ጀምሮ የመጨረሻዋ ተራ እንድትሆን ተስማምታ የቆየችው ፍሪጅ ለመግዛት ነበር። ጅቡቲ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚሸጥ ሰው በርበሬ ከሚሸጥ ሰው የተሻለ ይኖራል። ጉልበቷም በርበሬ ከመውቀጥ ደክሟል።

የበርበሬ ቁልሎቿን አንድ በአንድ አስተካከለች። ከዚያ «ስንት ነው ቀብዱ?» አለች።

«እትዬ፣ ተይው። እኔ ሌላ መንገድ—»

«ስንት ነው አልኩህ?»

ነገርኳት።

«ስማ። ይህ ገንዘብ ካልተመለሰ ፍሪጄ አንተ ነህ። በረዶ በጭንቅላትህ ተሸክመህ እየዞርክ ውሃ ትሸጥልኛለህ። እናንተ፣ ስማችኋል?» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። ሰምተናል አሉ። አንዷማ «ጭንቅላቱ ሰፊ ነው፣ ብዙ ይይዛል» አለች።

ሣልህ በኅዳር ሠራው። ብረቱን ሲበይድ ልጆች እንዳያዩት ሴቶቹ ዓይናቸውን በእጃቸው ይሸፍኑላቸው ነበር። ጥላው ሲወርድባቸው እልልታ የለ፣ ምን የለ፤ ዕቃቸውን እየጎተቱ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። እኔ ግን ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ነበርኩ።

ሥራው መሠራቱን የሚያረጋግጠው የሥራ ክፍል ኃላፊው ነው። ዛሬ ነገ ሲል ከረመ። የክፍያ ትእዛዝ መቀበያው የመጨረሻ ቀን ደረሰ፤ ጠዋት ቢሮው ስሄድ ጠረጴዛው ባዶ ነው። አጎቱ ሞቶበት ለቅሶ ላይ ነው አሉኝ።

ሙሴ ሮብሌ ጋ ሄድኩ። «እርስዎ በየቀኑ ከዚያ ገበያ ሽንኩርት ይገዛሉ። ጣሪያውን በዓይንዎ አይተውታል።»

«ሮብሌ አይቶታል» አለኝ። «ሒሳብ ሹሙ ግን ዕውር ነው። የሚያየው የተፈረመ ወረቀት ብቻ ነው።»

«እንግዲያስ ይጠብቁኝ።»

«እስከ ሰባት ሰዓት ክፍት ነኝ።»

በጅቡቲ ሰባት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። በሰባት ሰዓት ጫት ከተማ ይገባል። መኪናዎቹ ጥሩንባ እየነፉ ይደርሳሉ፤ ሰው ሁሉ ወደ ጫት ሻጮቹ ጠረጴዛ ይጎርፋል፤ ቢሮ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ንጉሥ ቢመጣም የሚያናግረው የለም።

ለቅሶ ቤቱ ራስ ዲካ ነበር። መንገድ ላይ ሸራ ተወጥሮ ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ከሸሚዜ ሥር ደረቴ ላይ ተጣብቋል። ለቅሶ ላይ ወረቀት አይመዘዝም፤ በእኛም በእነሱም ነውር ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ አጽናንቼ፣ ተቀመጥኩ። ቁርኣን ተቀራ። ሩዝ መጣ፤ ቅመሙ ያወደ፣ ዘቢብ ያለበት ሩዝ። አንድ ሽማግሌ «ብላ ልጄ» እያሉ ከፊቴ ይቆልላሉ።  የሸራው ጥላ እያጠረ መጣ። እግሬ እንዳይንቀጠቀጥ በእጄ ተጫንኩት። በሕይወቴ የሠራሁት ከባዱ ሥራ ያ መቀመጥ ነው፤ እኔን የማያውቅ ሰው አይረዳውም።

በመጨረሻ ኃላፊው እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ተነሥቼ ማስታጠቢያውን ከሚያስታጥበው ልጅ ተቀብዬ ውሃ አፈሰስኩለት። እጁን እያሸ ፊቴን አየ።

«አንተ የቆርቆሮው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ። እግዜር ያጽናዎት።»

«ትናንት ሬሳውን ይዘን በዚያ አለፍን። ጣሪያው ጥሩ ሆኗል። ሴቶቹ ሬሳ አይተው ተነሥተው ቆሙልን።» እጁን በፎጣ አደረቀ። «ወረቀቱን ይዘኸዋል፣ አይደል? የሸሚዝህ ደረት ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፈረመ።

እንዴት እንደ ሮጥኩ አልናገርም፤ በዚያ ዘመን ከእኔ ጋር የሚሮጥ አልነበረም። አስተዳዳሪው ቁልፉን ይዞ ሲወጣ በር ላይ ደረስኩበት፤ ትእዛዙን ቆሞ ፈረመልኝ። የመኪናዎቹ ጥሩንባ ከዳር ይሰማ ጀምሯል። ሙሴ ሮብሌ መስኮቱን ግማሽ ዘግቶታል። ማራገቢያው ቆሟል። ለመጀመሪያ ጊዜ የአንገት ቁልፉ ተፈትቶ አየሁት።

ወረቀቱን ተቀበለ። ከውጭ ሰዎች ስሙን እየጠሩ ነው። እንደገና ተቀመጠ፤ መነጽሩን አደረገ፤ እያንዳንዷን መስመር በቀይ እርሳስ ጫፍ እየነካ አነበበ። እኔ ከወዲህ ሆኜ እቁነጠነጣለሁ።

«ሙሴ ሮብሌ፣ ጥሩው ጫት ያልቅብዎታል» አልኩ።

«እስካሁን ጠውልጓል» አለ፣ ማኅተሙን እያነሣ። «እግርህን አሳርፈው።»

ማኅተሙ ሲያርፍ ጠረጴዛው ተነቃነቀ። ተቀበለ።

ክፍያው ጥር ላይ ወጣ። ሣልህ ከገንዘብ ቤት በቀጥታ ወደ ገበያው መጣና የእትዬ ወርቅነሽን ቀብድ በሩዝ ከረጢት ቋጥሮ ጭኗ ላይ አኖረው። «ቁጠሪው» አላት። «አልቆጥርም» አለችው፤ እሱ እስኪሄድም አልነካችውም። ጀርባውን ሲያዞር ግን ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።

ፍሪጁ በመጣ ቀን የመጀመሪያውን ቀዝቃዛ ውሃ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሁለተኛውን ለሙሴ ሮብሌ ራሴ ወሰድኩለት። ጠጣው፤ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ሰጠኝ። ግብዣ ነው ብለው አልሰማም አለ። ከዚያ ባዶውን ኩባያ እየመለሰልኝ፣ «ደረሰኝ የላትም?» አለ። ያ ሰው ሲቀልድ የሰማሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ ጉርድ ማሰለፍ አቁሜ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

አሁን እትዬ ወርቅነሽም ሙሴ ሮብሌም የሉም። ጣሪያውም ሄደ። ባለፈው ሳምንት ለመሐንዲሷ ይህን ሁሉ ቆሜ ስነግራት ቢጫ ቆቧን አውልቃ አዳመጠችኝ። ስጨርስ ጠየቅኋት፤ «የአዲሱ ጣሪያ ገንዘብ ተይዟል?»

«ተይዟል፣ አዴር።»

«የሚያረጋግጠው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ለቅሶ እንዳትሄጂ።»

ሳቀች፤ እኔ ግን አልቀለድኩም። ሠራተኞቹ የድሮውን ቆርቆሮ በጋሪ ሲጭኑ የጠዋቱ ፀሐይ ሴቶቹ ላይ ወረደ። አንዲት ልጅ ካርቶን ራሷ ላይ አደረገች። ያን ሳይ እግሬ ጀመረው። ከዚያ ቀን ወዲህ በየማለዳው እሄዳለሁ፤ ማንም አልጠራኝም፤ ሳልሄድ ሻዩ አይወርድልኝም።

ቤት ሆኜ ምን ምን ሠራሁ ብዬ ቆጠርኩ፤ ልጻፈው። ያለ ትምህርት ቤት በጀት ማንበብ ተማርኩ። በቀን ክፍያ ገብቼ በሹምነት ጡረታ ወጣሁ። የእድራችንን ሒሳብ አዛዡና ገንዘብ ያዡ የተለያዩበት እንዲሆን አደረግሁ፤ ያን ጊዜ አኩርፈው የነበሩ ዛሬ ይመርቁኛል። ከእኔ በኋላ ለመጡ ጸሐፊዎች አራቱን ቃላት አስተማርኩ፤ እግራቸው የሚንቀጠቀጠውንም አልተቆጣሁም። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሩዝ በላሁ። ለአፌ ብላ የከፈለችኝን ሴት ጥላ ሥር አስቀመጥኳት። በረዶ በጭንቅላቴ አልተሸከምኩም።